በረዶ የጠበቅንበት ቀን

ዛሬ ደስታዬ ልክ የለውም። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ መኩሪያ በሰው መሀል ጠሩኝና፣ የጅቡቲው የሐበሻ አዳራሻችን የምሥረታ በዓል ሲከበር፣ በበዓሉ መጽሔትም የሚታተም ጽሑፍ እንዳነብ ኮሚቴው እኔን መምረጡን ነገሩኝ። እኔን! «ሀ»ንና «ሐ»ን አትለይም፣ አማርኛዋ እንኳ ፈረንሳይኛ ፈረንሳይኛ ይላል እየተባልኩ ያደግሁትን ልጅ! ከዚያን ቀን ጀምሮ መንገድ ላይ ስሄድ እየዘለልኩ ነው። ጋሽ መኩሪያን የማያውቅ የለም፤ ግን ከሩቅ የመጣችሁ ካላችሁ፣ የኮሚቴያችን ሊቀ መንበር ናቸው። አያታቸው ከባቡሩ ጋር የመጡ፣ ካርቲየ አንድ ሰፈር ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው፣ በሠርግም በክርስትናም ማይክ ከያዙ የማይለቁ ሰው። የምጽፍበትንም ነገር ራሳቸው መረጡልኝ።

«ማህሌትዬ፣ ያቺን የተራራ ላይ የግላስ ነገር አሳምረሽ ጻፊልንማ። ሕዝቡ ይሳቅ።»

«ሁሉንም ልጻፈው ጋሽዬ?»

«ሁሉንም! አንድም እንዳይቀር!»

አጠገባችን የቆሙ ሦስት ሴቶች ሰምተዋል። ምስክሮቼ ናቸው። እኔም አንገቴን ሰበር አድርጌ «እሺ ጋሽዬ» አልኩ። ቤት እስክደርስ ግን ፈገግታዬ አልታጠፍ ብሎኝ ጉንጬን አሞኝ ነበር። ስድስት ዓመት ስጠብቀው የነበረውን ነገር፣ ባለቤቱ ራሱ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

በአሥራ ሰባት ዓመት ትዝታ ይጻፋል ወይ የሚለኝ አይጠፋም። ይጻፋል። ጅቡቲ ውስጥ ነገር ቶሎ ያረጃል፤ ጨውና ፀሐይ የግድግዳ ቀለም በሁለት ዓመት ይልጣሉ። እኔ የማወራው አሮጌው ባቡር መጮህ አቁሞ አዲሱ ገና ሳይመጣ ስለነበረው ጊዜ ነው። ያኔ ዘፈን የሚገዛው በስልክ ሜሞሪ ነበር፤ ሱቅ ሄደን አማርኛውን ከሶማሊኛው፣ ሶማሊኛውን ከሕንዱ ቀላቅለን እናስጭንና አንዱን ዘፈን ሰፈሩ እስኪሰለቸው እናስጮኸዋለን። ባጌት ዳቦ በሃያ ፍራንክ ገዝተን፣ ጫፉን መንገድ ላይ ቆርጠን በልተን፣ ቤት ስንገባ «አይጥ ነው» እንላለን። ሴቶቹ ስስ የድሪዓ ቀሚሳቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው ከነፋሱ ጋር እየታገሉ ጥግ ጥጉን ይሄዳሉ። ከሁሉም ግን የማይረሳኝ የበረዶ ጋሪው ነው። በሙቀቱ ወራት፣ ነፋሱ አሸዋ እያነሣ ዓይን በሚያሳውርበት ሰዓት፣ አንድ ሽማግሌ በጆንያ የተሸፈነ የበረዶ ግንድ በአህያ ጋሪ ጭኖ ሰፈራችን ይገባል። ፍሪጅ ያለው ሰው ነበር፤ መብራቱ በየቀኑ ስለሚሄድ ግን ፍሪጁ ያው ቁም ሣጥን ነው። እናቶች ከየበሩ «በረዶ መጣ!» ብለው ሲጮሁ እኛ ልጆች ኩባያ አንሥተን እንበራለን። ሽማግሌው ግንዱን በመጋዝ ሲቆርጥ የሚረግፈው ፍርፋሪ የልጆች ነው። ልማዱ እንዲህ ነበር፤ ማንም አያስከፍል፣ ማንም አይቆጣ። ኩባያህን ከመጋዙ ሥር ትደቅናለህ፣ ትጠብቃለህ፣ ከዚያ ጥርስህ እስኪደነዝዝ ትመጥጣለህ። ጋሽ መኩሪያም በልጅነታቸው እዚያው ጥግ ላይ ኩባያ ደቅነው እንዳደጉ ስንት ጊዜ በማይክ ነግረውናል። ይህንን ያዙልኝ። በረዶ ለእኛ የሚገዛ፣ የሚቆረጥ፣ የሚመጠጥ ነገር ነው። ከሰማይ የሚወርድ በረዶ እንዳለ ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

እናቴ ታውቅ ነበር። ስሟ ዘነበች ነው፤ ወሎ፣ ደላንታ ደጋው ላይ፣ ዝናብ ጣራ ሊያፈርስ በደረሰበት ቀን ስለተወለደች እንዲህ አሏት። በዚያን ጊዜ ሀራሙስ፣ ባሕሩ ዳር፣ ፈረንሳዮች ቤት እየኖረች ትሠራ ነበር። እኔ የትምህርት ቀን ካርቲየ አንድ ጓደኛዋ ዘንድ አድራለሁ፤ ሲዘጋ እሷ ጋ እሄዳለሁ። የቤቱ እመቤት፣ ማዳም እንላታለን፣ ክፉ ሰው አልነበረችም። ልጇ ክሎኤ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ከእናቴ እጅ ካልሆነ እህል አትቀምስም፤ «ዘና! ዘና!» እያለች ቀሚሷን ይዛ ነው የምትውለው። እናም ማዳምና ባሏ ሙሴ የሰሜንን ተራራ እንውጣ ብለው ሲነሡ፣ እናቴ ለክሎኤ፣ እኔ ደግሞ ለቋንቋ እንድንሄድ ተባለ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ጉዞውን ያሰናዱት ጋሽ መኩሪያ ናቸው። «ጎንደር ማለት የአያቴ ጓሮ ናት፤ የዚያን ተራራ እያንዳንዱን ድንጋይ በስሙ እጠራዋለሁ» ብለው ነበር ለማዳም። ጎንደርን እሳቸውም ገና የዚያን ዕለት ማየታቸው እንደሆነ ያወቅሁት፣ አየር ማረፊያው ውስጥ መውጫው በየት ነው እያሉ ዘበኛ ሲጠይቁ ነው።

ልብሴን ባያችሁልኝ! ከሰልባጅ ተራ የተገዛ ቀይ ካፖርት፣ እጅጌው ሁለት ጊዜ ተጠቅልሎም ጣቴን የሚውጥ። በዚያ ሙቀት እየላበኝ ስለካው ሻጭዋ ግንባሬን ዳስሳ «ልጅቷን አሟታል እንዴ?» ብላ እናቴን ጠየቀቻት። ያንን ካፖርት እስከ ዛሬ አልጣልኩትም። አሁን እጅጌው አጥሮኛል፤ ኪሱ ውስጥ ግን አሁንም የደረቀ የተራራ ሣር አለ። አንዳንድ ቀን አውጥቼ አሸተዋለሁ፤ ምንም አይሸትም፤ እኔን ግን ይሸተኛል።

ነገሩ የሆነው በሁለተኛው ቀን ነው። ማዳም፣ ሙሴ፣ ጋሽ መኩሪያና እኔ ቀድመን ከገደሉ አፋፍ ላይ አንድ ሣራማ ሜዳ ደርሰናል። መንገድ መሪያችን አያ ሞላ የሚባል ቀጭን የአገሩ ሰው ነበር። ክሎኤ ስለደከማት እናቴ በቅሎ ላይ አስቀምጣት በእግሯ ከኋላ እየመጣች ነበር፤ ጭነቱም ከእነሱ በታች ነው። ፀሐዩ ፊት ይልጣል፤ ወደ ጥላ ጠጋ ስትሉ ደግሞ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ትንፋሽ የለም፤ ሁለት ቃል ተናግሬ ሦስተኛውን ለማውጣት እቆም ነበር። ውሃ ጠምቶናል። ከገደሉ ማዶ ጥቂት የሣር ቤቶች ያሉበት መንደር ይታያል፤ ከመንደሩ በላይ አንድ ጥቁር ደመና አለ። እኛ ራስ ላይ ግን ሰማዩ እንደ ጅቡቲ ሰማይ ጥርት ያለ ነው። አያ ሞላ ቆመ፤ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዞረ።

«አንች ልጅ፣ በረዶ እየመጣ ነው። ንገሪያቸው» ብሎ በእጁ ማዶውን አሳየኝና፣ ጭነቱን ሊያሸፍን ቁልቁል ሮጠ።

ለእሱ ሌላ ቃል አያስፈልገውም ነበር። በረዶ እየመጣ ነው ከተባለ በኋላ ተጠለሉ እስኪባል የሚጠብቅ ሰው እዚያ አገር የለም። እኔ ግን የታየኝ የአህያ ጋሪው ነው። ጆንያው፣ መጋዙ፣ ኩባያው።

«ማዳም! ግላስ እየመጣ ነው! ከዚያ መንደር!» ብዬ በፈረንሳይኛ ጮህኩ። በፈረንሳይኛ ግላስ የሚቆረጠውም በረዶ፣ የሚላሰው አይስክሬምም ነው።

ማዳም ሳቋ መጣ። ወደ ጋሽ መኩሪያ ዞረች። «እውነት ነው መኩሪያ? እዚህ ተራራ ላይ?»

አሁን ልብ በሉ። ጋሽ መኩሪያ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ጫማቸውን አውልቀዋል። ከእኔ ሁለት እርምጃ ላይ ስለነበሩ አያ ሞላ ያለውን ሰምተዋል። «ዊ፣ ዊ፣ ማዳም!» አሉ። «ሴ ላ ኩቱም!» ልማዳችን ነው ማለታቸው ነው። «ለእንግዳ ክብር ከመንደሩ በረዶ ይላካል። አያቴ ዘወትር ይነግሩን ነበር።» አያታቸው ነገሯቸው! ከዚያም ቦርሳቸውን ከፍተው አራት የቆርቆሮ ኩባያ አወጡና ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ደረደሩ። አንደኛው ሲንጋደድባቸው «ማህሌት፣ ጠጠር አስገቢለት» አሉኝ። ጠጠር አስገባሁለት። ሙሴ የዝናብ ልብሱን አጣጥፎ ትራስ አደረገውና ጋደም አለ።

እውነቱን ልናገር፣ በዚህ ስሕተት አልተቀየምኳቸውም። አንድ ጥግ ላይ ያደግን የአንድ ሰፈር ልጆች ነን፤ ስሕተቱ የሁለታችንም ነበር። እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ ዛሬ አብረን እንስቅ ነበር።

ትንሽ ቆይቶ እናቴ በቅሎዋን እየሳበች ብቅ አለች።

«ምን እየሠራችሁ ነው?»

«በረዶ እየጠበቅን ነው፣ እማዬ።»

ማዶውን አየች። ኩባያዎቹን አየች። እኔን አየችኝ።

«በረዶ... ትጠብቃላችሁ?»

«አረፍ በይ እንጂ ዘነበች» አሉ ጋሽ መኩሪያ፣ የእግራቸውን ጣት እያሹ። «ላንቺም ይደርስሻል።»

«ይደርሰኛል እንጂ! ይደርሰኛል ጋሽ መኩሪያ! እንዴት አይደርሰኝ!» ብላ ጮኸችና ክሎኤን ከበቅሎዋ ላይ አፈፍ አደረገቻት። «ተነሡ! ወደ ድንጋዩ ሥር! ማህሌት፣ በይ በፈረንሳይኛ በያቸው! ተነሡ በያቸው!»

እስክላቸው አልቆየም። የመጀመሪያው በረዶ የወደቀው ኩባያ ውስጥ ነው። ጠቅ አለ። ሁላችንም አየነው፤ ማዳም እንዲያውም ልታጨበጭብ እጇን አንሥታ ነበር። ቀጥሎ የመጣው እጇን መታት። ከዚያ በኋላ ሰማይ የሚባል ነገር አልነበረም፤ አንድ ነጭ ጩኸት ብቻ ነበር። በረዶው የዶሮ ዕንቁላል ያህላል ብል ታጋንናለች ትሉኛላችሁ፤ የትልቅ ሽንብራ ያህላል ልበልና፣ መሀል መሀል ላይ ዕንቁላሉም ነበረበት። እናቴ ማዳምን በክንዷ ገፍታ ወደ ዋሻ መሰል ድንጋይ አስገባቻት፤ እኔን በካፖርቴ ኮሌታ ጎትታ ወረወረችኝ፤ ለእሷ ቦታ ሲጠፋ ክሎኤን ደረቷ ሥር አድርጋ፣ ጀርባዋን ለበረዶው ሰጥታ፣ የዋሻው አፍ ላይ ተንበረከከች። ሙሴ ትራሱን ፍለጋ ተመልሶ ሄዶ ራሱን ይዞ እየሮጠ መጣ። ጋሽ መኩሪያ፣ የእያንዳንዱን ድንጋይ ስም የሚያውቁት ሰውዬ፣ በባዶ እግራቸው እየዘለሉ በቅሎዋ ሆድ ሥር ገቡ።

ግማሽ ሰዓት አይሆንም፤ ቆመ። ሲቆም ዓለም ሁሉ ነጭ ሆኖ ነበር፤ አራቱም ኩባያዎች እስከ አፋቸው ሞልተዋል። የእናቴ ቅንድብ ተሰንጥቆ ደሙ በጉንጯ ይወርዳል። ክሎኤ አንድ ጭረት አልነካትም። ማዳም እየተንቀጠቀጠች ጋሽ መኩሪያን «አንተ አይደለህም እንዴ ልማድ ነው ያልከኝ?» ስትላቸው፣ መሬት መሬት እያዩ የመለሱትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ላ ፕቲት ኤ ማንተዝ» አሉ። ልጅቷ ውሸታም ናት ማለት ነው። «እናትየው ማረፍ ፈልጋ እንዲህ በይ ብላ ልካት ይሆናል። የቤት ሠራተኞች እንዲህ ናቸው፣ ማዳም።»

እናቴ ፈረንሳይኛዋ የወጥ ቤት ፈረንሳይኛ ነው፤ ድስትና መጥረጊያ እንጂ ይህን አትሰማም። ደሟን በሻርፗ እየጠረገች ወደ እኔ ዞረች። «ምን አሉ?»

አስተርጓሚ እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ከንፈሬ አልታዘዝ ብሎኛል። የደማ ፊቷን አየሁት። «ደኅና ናት ወይ፣ ተጎድታለች ወይ ነው የሚሉት» አልኳት።

እናቴም ወደ ጋሽ መኩሪያ ዞራ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ዝቅ ብላ «እግዜር ይስጥልኝ ጋሽ መኩሪያ፤ ደኅና ነኝ» አለቻቸው።

እሳቸውም ምስጋናውን ተቀበሉ። «ምንም አይደለም ዘነበች» አሉ። አሉ! በስድስት ዓመት ውስጥ ያቺ ቃል ከጆሮዬ ወጥታ አታውቅም። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ትመጣብኛለች፤ ጥርሴን ስቦርሽ ትመጣብኛለች። ምንም አይደለም፣ ዘነበች።

ሀራሙስ በተመለስን በሁለተኛው ሳምንት ማዳም እናቴን አሰናበተቻት። ምክንያቱ አንድ ቃል ነበር፤ «ኮንፊያንስ»፣ እምነት። ክሎኤ ቀሚሷን ይዛ ስትጮህ እስከ በሩ መጣች። እናቴ ከዚያ አምቡሊ፣ አየር ማረፊያው አጠገብ፣ የአንድ ሆቴል አንሶላ አጣቢ ሆነች፤ በዚያ ሙቀት ላይ የካውያ እንፋሎት ጨምሩበት። ጋሽ መኩሪያ ደግሞ ወሬውን ወሰዱት። በየክርስትናው፣ በየሠርጉ፣ ማይኩን ነፋ ነፋ አድርገው «ያቺ የዘነበች ልጅ ተራራ ላይ ምን እንዳደረገችን ታውቃላችሁ?» ይጀምራሉ። በእሳቸው ወሬ ውስጥ ክሎኤን አቅፈው ያዳኗት እሳቸው ናቸው፤ እናቴ «ወይኔ! ወይኔ!» ስትል ብቻ ነው የምትሰማው። ኩባያዎቹን የደረደርኳቸውም እኔ ነኝ። ሰዉ ይስቃል። ለእኔም «ግላስ» የሚል ስም ወጣልኝ። ትምህርት ቤት ስሄድ «ግላስ፣ አትቅለጪ!»፤ ስመለስ «ግላስ፣ ገና አልቀለጥሽም?» አንድ ጊዜ እንዲያውም የበረዶ ጋሪው ሽማግሌ ራሱ «ግላስ» ብሎ ጠራኝ። ከዚያን ቀን ወዲያ ኩባያዬን ይዤ አልወጣሁም።

ይህን ጽሑፍ ጨርሼ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አምቡሊ ይዤው ሄድኩ። እናቴ ከሆቴሉ ጓሮ፣ አንሶላ በተሰጣበት ገመድ መሀል ነበረች። «አንዱን ጫፍ ያዢልኝ» አለችኝ። በአንድ እጄ አንሶላ፣ በአንድ እጄ ወረቀት ይዤ እያጣጠፍን አነበብኩላት። ስለ ኩባያዎቹ ስደርስ ሳቀች። «ምን አሉ?» ያለችኝ ቦታ ስደርስ ወረቀቱን ዝቅ አደረግሁ። ስድስት ዓመት የደበቅኋት እሱን ነበራ። ቢሆንም አነበብኩት። የእሳቸውን ቃል፣ የእኔን ውሸት፣ የእሷን ምስጋና።

አንሶላውን አልለቀቀችም። «አውቄ ነበር» አለች።

«እንዴት?»

«ደኅና ናት ወይ የሚል ሰው መሬት መሬት አያይማ።»

«ታዲያ ለምን አመሰገንሻቸው?!»

«አንቺ እንዳታፍሪ ነዋ። ከንፈርሽ ጠቁሮ፣ እየተንቀጠቀጥሽ፣ ለእኔ ብለሽ የፈጠርሽውን ውሸት ላፍርሰው? እሳቸውን ማን አመሰገነ! አንቺን ነው።»

አለቀስኩ፤ ንጹሑ አንሶላ ላይ፤ ተቆጣችኝ። ከዚያ «በቃ ልተወው? ላንብበው ወይስ ልቅደደው?» አልኳት። ብትለኝ እቀደው ነበር፤ እምላለሁ። ቅንድቧ ላይ ያለችውን ጠባሳ በጣቷ ነካካች።

«አንድ ነገር ረስተሻል» አለችኝ በመጨረሻ።

«ምን?»

«በቅሎዋን። ሆዷ ሥር ሲገቡ ረግጣቸዋለች። እዚህ ጋ፣ መቀመጫቸው ላይ። እስከ ጎንደር ድረስ በአንድ ጎናቸው ነው የተቀመጡት። ጻፊው።»

ይኸው ጻፍኩት።

እንግዲህ ይህችን የበዓል መጽሔት የያዛችሁ ሁሉ፣ አንድ ምሥጢር ላካፍላችሁ። ጽሑፉን ለፈቃድ ሳሳያቸው ጋሽ መኩሪያ ገጾቹን በአውራ ጣታቸው ገለጥ ገለጥ አደረጉና «ቤል ኤክሪቱር! እንዴት የሚያምር የእጅ ጽሑፍ ነው!» ብለው ፈረሙበት። እሳቸው አማርኛ ይናገራሉ እንጂ አያነቡም። ስለዚህ እናንተ አሁን የምታውቁትን እሳቸው የሚሰሙት በበዓሉ ዕለት፣ እሑድ ነው፤ ከፊት ረድፍ፣ መሀል ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ሕዝቡ እንዲስቅ ሲጠባበቁ። ከጎናቸው ያለው ወንበር የእናቴ ነው፤ ራሷ ጠይቃ አስይዛዋለች። እስከዚያ አፋችሁን ዝጉልኝ። ሁላችሁም ተጋብዛችኋል፤ ግላስ እያላችሁ የጠራችሁኝም፣ እናንተ በተለይ። ከንባቡ በኋላ ሽማግሌው ጋሪውን አዳራሹ በር ላይ ያቆምልናል፤ መጋዙንም እንዲያመጣ ነግሬዋለሁ። እያንዳንዳችሁ ኩባያ ይዛችሁ ኑ።

በረዶ እየመጣ ነው።